«የኔ ቢጤ» ነው ስሙ! «ለለማኝ አትስጡ» ለምትሉን የተጻፈ መልስ



ሰሞኑን በየገጹ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አይታችሁታል። አንድ ልጅ ስልኩን ደግኖ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ላይ ይሄዳል። «እስቲ እግርህን ዘርጋ! ተነሥ! ውሸታም!» ይለዋል። ሰውየው ፊቱን በነጠላው ይሸፍናል። ከሥር ሺህ ሰው ይስቃል። «ጎበዝ!»፣ «አጋልጣቸው!»፣ «ለማኝ ሁሉ ሌባ ነው!» ይላል። ከዚያ ሼር፣ ሼር፣ ሼር።

ሼር ከሚያደርጉት ውስጥ የኛም ልጆች አሉ። ፕሮፋይላቸው ላይ ባንዲራ የሰቀሉ፣ «ለወገኔ እሞታለሁ» ብለው የጻፉ። ዛሬ የምጽፈው ለነሱ ነው። ለጠላት አይደለም፣ ለራሳችን ሰው ነው።

ለወገንህ ትሞታለህ አሉ። እሺ። አምስት ብርስ ትሰጠዋለህ?

እንዳትቆጣ። ጥያቄው መጀመሪያ የኔው ነበር። እኔም እንዳንተ «አትስጡ» ባይ ነበርኩ። እንዴት እንደተለወጥኩ ልንገርህና ከዚያ ፍረድ።

መገናኛ ነው፣ ወደ ማታ። የታክሲ ሰልፍ ይዣለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ሰልፉን ተከትላ እየለመነች መጣች። ወጣት ናት፣ ከኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ሌላው ሁሉ ዝም ሲል እኔ ጀግና መሆን አማረኝ። «ወጣት ነሽ፣ ጤነኛ ነሽ፣ ለምን ሠርተሽ አትበይም?» አልኳት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አልተቆጣችም። ጀርባዋ ላይ ወደተኛው ሕፃን ዞር ብላ አየችና «እሺ ወንድሜ፣ እሱን ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ታክሲው መጣ፣ ገባሁ። ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ገባ።

በማግስቱ እዚያው አገኘኋት። ሻይ ጋበዝኳትና ጠየቅኳት። ታሪኳ አዲስ አይደለም፣ ከተማው ሙሉ ነው። ከገጠር በደላላ መጣች፣ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ አረገዘች፣ ሆዷ ሲታይ «ውጪልን» ተባለች። ወደ ሀገር ቤት እንዳትመለስ አባት የሌለው ልጅ ይዛ እንዴት ትግባ። እዚህ እንዳትቀር ቤት የለም። አስፋልት ላይ ወጣች።

እኔም እልህ ያዘኝ። «ሥሪ» ብያታለሁ አይደል? በል እንግዲህ ሥራ ፈልግላት አልኩ ለራሴ። ስሙኝ።

አክስቴ ሠራተኛ ትፈልግ ነበር። ነገርኳት። «ልጅ አላት?» አለችኝ። አዎ ስላት «ልጄ፣ ልጅ ይዛማ እንዴት ይሆናል» ብላ ወሬውን ቀየረችው። ደላላ ጋ ሄድኩ። «የልጅ እናት አላስቀጥርም፣ ማንም አይወስዳት» አለኝ፣ ሰዓቱን እያየ። ግንባታ ቦታ ጠየቅኩ። ቀን ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ሴትም ይወስዳሉ፣ ግን ሲሚንቶና ብረት መሀል ሕፃን አይገባም። እውነታቸውን ነው። ሕፃን ማቆያ ጠየቅኩ። ክፍያው ልብስ አጥባ ከምታገኘው ይበልጣል።

የመንግሥት ድጋፍ አለ ሲሉኝ ወደ ወረዳ ወሰድኳት። «መታወቂያ?» አሉን። የላትም። መታወቂያ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል? ከመጣችበት ቦታ መሸኛ፣ እዚህ ደግሞ የምትኖርበት ቤት። ቤት ስለሌላት ነው እኮ የመጣችው! መሸኛውን ለማምጣት የአውቶቡስ ያስፈልጋል፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፣ እዚያ ስትደርስም ከነልጇ የሸሸችው ቤተሰብ ፊት መቆም አለባት።

በመጨረሻ ምን ሆነ? አራት ጓደኛሞች በየሳምንቱ እንደ እቁብ እያዋጣን የጋራ ክፍል ተከራየንላት። የአንዱ ጓደኛችን እናት እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ። እሳቸው «ልጁም እዚሁ ይጫወት፣ እኔም አራት አሳድጌያለሁ» ብለው ወሰዷት። ዛሬ እዚያ ትሠራለች። ይኼው ነው።

አሁን ቁጭ ብለህ አስላው። ለአንዲት ሴት፣ ስልክና ዘመድ ያለን አራት ወጣቶች ሁለት ወር ፈጀብን። አንተ ግን እሷ ብቻዋን፣ ልጅ አዝላ፣ በባዶ ሆዷ፣ በአንድ ቃል እንድትፈታው ፈለግህ። «ሥሪ!»

በእነዚያ ሁለት ወራትስ እሷና ልጇን ምን አቆያቸው? የሰልፉ ሰው። ያ ስሙን የማታውቀው፣ ወሬ ሳያበዛ አምስት፣ አስር ብር ጣል አድርጎ ታክሲ ውስጥ የሚገባው ሰው። ሳንቲሙ ችግሯን አልፈታውም፣ ልክ ነህ። ግን ችግሯ እስኪፈታ በሕይወት አቆያት። «መስጠት መፍትሔ አይደለም» የምትለኝ ከሆነ መልሴ ይሄ ነው፦ መፍትሔው እስኪመጣ ሰው መብላት አለበት።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልግባ። አንድ በአንድ።

«ለማኝ ሀብታም ነው፣ ሲሞት ፍራሹ ውስጥ ስንት ሺህ ብር ተገኘ።» ይህን ወሬ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ይገኛል እንበል። እና? መታወቂያ የሌለው ሰው ባንክ ደብተር አያወጣም፣ ፍራሹ ነው ባንኩ። እናትህ ለክፉ ቀን ብላ ሣጥን ውስጥ ስትቋጥር «አርቆ አሳቢ» ናት፣ የኔ ቢጤው ሲቋጥር ሌባ ነው? ደግሞም አስብ፣ እሱ እድር የለውም። ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ከፈን የሚገዛለት የለም። ያችን ብር ለመቀበሪያው ቋጥሯት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

«ስንፍናን ያበረታታል።» ወንድሜ፣ በክረምት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሄደህ እይ። አንተ ብርድ ልብስህን ወደላይ ስትስብ እነሱ ማዳበሪያ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ዓርብ ደግሞ መርካቶ አንዋር መስጊድ። ከደጅ ደጅ በእግር ነው። ይሄ ስንፍና ከሆነ አንድ ሳምንት ሞክረው። ሰነፍ ሰው ይሄን አይችለውም።

«የሀገር ገጽታ ያበላሻል፣ ፈረንጅ ምን ይለናል?» ይሄኛው በተለይ ከኛ ሰፈር ሲመጣ ያሳፍረኛል። ሀገር ወዳድነት ማለት ፈረንጅ ፊት አምሮ መታየት ነው እንዴ? ትልቅ ጉባኤ ሲመጣ ጎዳና ተዳዳሪው ተለቅሞ ከዓይን ዞር እንደሚደረግ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጉባኤው ያልፋል፣ ሰውየው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ችግሩን ማንም አልነካውም። መንገዱ ሲያምር ደስ ይለኛል፣ የኔም ከተማ ነው። ግን ሰውን እንደ ቆሻሻ መጥረግ ጽዳት አይባልም። ነውሩ እንግዳ ማየቱ ሳይሆን ወገናችን መራቡ ነው። እንግዳ ባያየውም እግዜር ያየዋል፣ ልጁም ያየዋል።

ስለ ገጽታ ካነሣህ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስህ። የዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ገደማ ከጦርነት የሸሹ ሶሪያውያን ቦሌና መገናኛ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ሲለምኑ አስታወስክ? ያ የታክሲ ሰልፍ፣ ራሱ ኑሮ የከበደው ሰው፣ «እንግዳ ናቸው» ብሎ ኪሱን ዳበሰ። ማንም «መጀመሪያ ፎርጅድ አለመሆናችሁን አረጋግጡ» አላለም። የዚያ ቀን በሕዝቤ ኮራሁ። እውነተኛው ገጽታችን ያ ነው። ለሶሪያዊው የሰጠ እጅ ለራሱ ሰው ሲሆን እንዴት ይታጠፋል?

«እሰጣለሁ፣ ግን ዳቦ ብቻ፣ ብር አልሰጥም።» ዳቦ ጥሩ ነው፣ ስጥ። ግን ብርን እንደ መርዝ አትየው። መንገድ ላይ የሚኖር ሰው በነፃ የሚያገኘው ፀሐይና ዝናብ ብቻ ነው። ቡሌ ታውቃለህ? ከሆቴልና ከምግብ ቤት የተራረፈው ምግብ ነው። እሱም በነፃ አይደለም፣ በብር ይገዛል። ሽንት ቤት በብር ነው። ሻወር በብር ነው። ጣራ ሥር ለማደር በብር ነው። ያቺ ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ዳቦህን ምን ታድርገው? እሷ የሚያስፈልጋትን እሷ ታውቃለች። አንተ ደሞዝህን ስትቀበል «በምን ታጠፋዋለህ» ብሎ የሚጠይቅህ አለ?

«ለግለሰብ ሳይሆን ለድርጅት ነው መስጠት።» በጣም ጥሩ! እስማማለሁ። ከጥቂት አረጋውያን ተነሥቶ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚጦረው መቄዶንያ አለ። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክራቸው ከብዙ ሰልፍ መፈክራችን ይበልጣል። ክብርት አበበች ጎበና ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ የተመታ ሰው መንገድ ላይ ሲያዩ «መንግሥት ይያቸው» ብለው አላለፉም። ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ከዚያ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። ልብ በል፦ እሳቸው የጀመሩት በድርጅት አልነበረም። መንገድ ላይ ባዩት ሰው ነው የጀመሩት። ድርጅቱ በኋላ መጣ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥያቄዬ ቀላል ነው። «ለድርጅት ነው የምሰጠው» ብለህ የኔ ቢጤውን ባለፍክበት ቀን፣ ማታ ለድርጅቱ ላክህ? ከላክህ እጅህን ልሳም። ካልላክህ ግን ድርጅቱን ለኪስህ ቁልፍ አደረግኸው ማለት ነው።

አንድ ክርክር ግን አለ፣ እሱ ላይ አልዋሽም። የልጆቹ ነገር። ማታ መብራት ላይ መኪና መሀል የሚሽሎኮለኩ፣ ሶፍትና ማስቲካ የያዙ ትንንሽ ልጆች። ከጀርባቸው የሚሰበስብ ትልቅ ሰው የሚኖርበት ጊዜ አለ፣ ብሩ ወደ ማስቲሽ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ሕፃን ተከራይተው የሚለምኑ አሉ ሲባልም እሰማለሁ። ጓደኛዬ «ለልጅ ጥሬ ብር ስትሰጥ መንገዱን ሥራው ታደርግበታለህ» ሲለኝ ተከራከርኩት፣ ግን አሸነፈኝ። ስለዚህ ለልጅ ሲሆን ብሩን ትተህ ጊዜህን ስጠው። ምግብ ቤት አስገባው፣ አጠገብህ ተቀምጦ ይብላ። ስሙን ጠይቀው። ከየት እንደመጣ ጠይቀው። አስተናጋጁ «ውጣ» ሊለው ሲመጣ «አብሮኝ ነው» በል። ያቺን አንድ ቃል ልጁ ከምግቡ በላይ ያስታውሳታል።

ግን ተመልከት፣ ይሄም ቢሆን ካሜራ ለመደገን ፈቃድ አይሰጥህም። ልጁን የሚበዘብዘው ሰው ካለ ወንጀለኛ ነው፣ ለሕግ አቅርበው። ልጁን ራሱን ቪዲዮ ላይ ማውጣት ግን የተዘረፈን ሰው ሌባ ብሎ እንደ መደብደብ ነው። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ አባቶች። ዛሬ ደግሞ ምሳሩ ስልክ ሆኗል።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። በቋንቋችን «ለማኝ» የሚል ቃል አለ። ግን እናቶቻችን ደጅ ላይ ሰው ሲቆም «የኔ ቢጤ መጥቷል፣ ቁራሽ ስጡት» ነው የሚሉት። የኔ ቢጤ። እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ። ዛሬ እሱ ደጅ ላይ ነው እኔ ማጀት፣ ነገ ሊገለበጥ ይችላል ማለት ነው። የሚሰጠው ያጣ ሰው እንኳ «ዞር በል» አይልም፣ «እግዜር ይስጥህ» ይላል። እምቢታው ራሱ ምርቃት ነው! እንዲህ ዓይነት ቋንቋ ይዘን ነው «ሌባ! ውሸታም!» የምንጽፈው?

የምንኮራበትን ታሪክም አስታውስ። ቅኔውን፣ ዜማውን፣ መጽሐፉን ያቆዩልን ሊቃውንት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። አኮፋዳ አንግበው፣ ውሻ እያባረራቸው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው ነው የተማሩት። በወሎ መንደሮች ደረሳው ቁርኣኑን የቀራው የመንደሩ ሰው እያበላው ነው። አንዲት ስሟ ያልተጻፈ ባልቴት ከልጆቿ ጉሮሮ ቀንሳ የሰጠችው ቁራሽ ነው የሀገር እውቀት የሆነው። እሷም «ወጣት ነህ፣ ለምን አታርስም?» ብትል ኖሮ ዛሬ በምን ትፎክር ነበር?

አባቶቻችን መላእክት ነበሩ እያልኩ አይደለም። የሥጋ ደዌ የያዘውን ሰው «እርግማን ነው» ብለው ከመንደር ያስወጡትም እነሱው ናቸው። ያ በሽታ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለርት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ ሲያክም ኖሯል። ግን መድኃኒቱ የወደቀ ጣት አይመልስም፣ የጎረቤትን ዓይንም አይቀይርም። በደጀ ሰላሙ ጣት አልባ እጁን የሚዘረጋው ሽማግሌ በሽታው ከለቀቀው ቆይቶ ይሆናል። ያልለቀቀው የኛ ፍርድ ነው። ከአባቶች ቸርነቱን ውረስ፣ ፍርዱን እዚያው ቅበረው።

ሁለቱም እምነቶቻችን አንድ ነገር ይላሉ፦ ምጽዋትም ሰደቃም በስውር ሲሆን ያምራል። የሰጪው ስም እንዲደበቅ የተባለው የተቀባዩ ፊት እንዲከበር ነው። ስለዚህ አንድ ካርቶን ፓስታ ሰጥተህ አሥር ፎቶ የምትነሣውም ልጅ፣ አንተም ከፌዘኛው ብዙ አልራቅህም።

«መንግሥትስ?» ትለኛለህ። ትክክል ነህ፣ እሱንም አልተውኩም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ 5 ላይ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን ለማቋቋምና ለመርዳት መንግሥት ሀብት ይመድባል ይላል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀምሯል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ሲጠርጉ የምታያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚያ የታቀፉ ናቸው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን በሩ መታወቂያ ነው። ያቺ ልጅ በሩ ላይ ነው የቀረችው። ስለዚህ መጮህ ካማረህ እዚህ ላይ ጩኽ! ጎዳና ላይ ያለ ሰው መታወቂያ የሚያገኝበት መንገድ ይከፈት፣ ልጅ ያላት እናት የምትሠራበት የሕፃን ማቆያ ይከፈት በል። በ2011 ዓ.ም. በከተማችን ልመናን የሚከለክል ሕግ ሊወጣ ነው ሲባል ብዙ ሰው አጨበጨበ። ልመና መቅረቱን ማን ይጠላል? ግን መጀመሪያ ድህነቱን ከልክሉልን። ረሃብ በአዋጅ አይከለከልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. እነዚያን ቪዲዮዎች ሼር አታድርግ። ጓደኛህ ከለጠፈው በውስጥ መስመር አናግረውና ያውርደው። የሰው ድህነት ኮንቴንት አይደለም።

2. በሳምንት የምትሰጣትን ብር ወስን። ትንሽ ትሁን፣ ግን የተወሰነች ትሁን። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዴት እንደቀለለ ታውቃለህ። የድሮዋ አንድ ብር ዛሬ ለተቀባዩ ምንም አትፈይድለትም።

3. የምትሰጠው ከሌለህ «እግዜር ይስጥህ» በል። ዓይኑን እያየህ በል። ስድብ ግን አትስጥ።

4. በምታልፍበት መንገድ አንድ ሰው ምረጥ። አንድ ብቻ። ስሙን እወቅ። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ እወቅ። ከዚያ ሦስት አራት ሆናችሁ አንዱን ነገር ፍቱለት፦ መሸኛ ይሁን፣ ሕክምና ይሁን፣ የሀገር ቤት ትራንስፖርት ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

5. ቤታችሁ ሠራተኛ ካለችና ካረገዘች እንድትባረር አትፍቀድ። እናትህን ለምን፣ አባትህን ተከራከር። መንገድ ላይ የምታያት የኔ ቢጤ የወጣችው ከአንድ ቤት ነው። ያ ቤት የናንተ እንዳይሆን።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ትታለላለህ ብለህ ትፈራ ይሆናል። አዎ፣ ትታለላለህ! ከአሥሩ አንዱ ያታልልህ ይሆናል። አሥር ብርህን ይበላል፣ ሂሳቡን ከፈጣሪው ጋር ይተሳሰበው። ግን አንዱን አታላይ ለመቅጣት ብለህ ዘጠኙን ስታስርብ ሂሳቡ ወደ አንተ ይዞራል። እኔ ተታልዬ ብሞት ይሻለኛል፣ «እሱን ማን ይይዝልኛል?» ላለችኝ እናት «ሥሪ» ብዬ ከምሞት።

ሀገር ማለት ካርታና ባንዲራ ብቻ አይደለም። ሀገር ማለት ነገ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅህ ሰው ነው። «ለወገኔ እሞታለሁ» ያልከው ወገን እሱ ነው። ሙትልኝ አላለህም። ቁራሽ ነው የጠየቀህ።

ስጡት!

ያነበበ ለጓደኛው ያድርስ። ያልተስማማ ይጻፍ፣ እንነጋገራለን፣ ስድብ ግን አናስተናግድም።

#የኔ_ቢጤ
#ድህነት_ኮንቴንት_አይደለም